የይመኙሻል ቁርጭምጭሚትና የጀርመን ፕላስተር

መንዝ፣ ከመሐል ሜዳ አጠገብ
ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለምንይሉ፣ ባለህበት በጀርመን አገር፤

ክረምቱን አሳልፎ ለዚህ ያደረሰን አምላክ አንተንም በዚያ በረዶ መሀል ጤናህን አይንሳህ። እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ዳገት ላይ ትለግማለች፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሳላዛት ትሮጣለች። አክስትህ ጠጄ ደኅና ናት። ገብሱም ውርጭ ሳይመታው አሽቷል። የስልኩ ማማ ዝም ካለ ስለከረመ እንደ ጥንቱ በወረቀት ልንገናኝ ነው። እኔስ ደስ ብሎኛል። በስልክ "ይሰማል? አይሰማም?" ስንባባል ነው ጨዋታው የሚያልቅብን።

ወደ ነገሬ ልግባ። የጠጄ ልጅ ይመኙሻል፣ አንተ ስትሄድ የወተት ጥርሷን የምትነቅለው፣ አሁን ሯጭ ሆናለች። ጠዋት ጠዋት ጓሳ ላይ ትሮጣለች፤ ቀይ ቀበሮዎቹ ለምደዋት ዞር ብለውም አያዩአት። መምህር በኃይሉ የሚባል የስፖርት አስተማሪ ነው ይዞ የሚያሠለጥናት። ጥር ላይ ደብረ ብርሃን የሯጮች ምርጫ አለ። ከተመረጠች ማሠልጠኛ ትገባለች። በሚመጣው ዓመት ግን ዕድሜሽ አልፏል ይሏታል። ያላት ይህቺው አንድ ጊዜ ናት።

እንግዲህ ለዚህ ሁሉ ስንሰናዳ ባለፈው ሰሞን ከጓሳ ስትወርድ ቀኝ እግሯ የፍልፈል ጉድጓድ ገባና ቁርጭምጭሚቷ ወለም አለ። እንደ ሙልሙል ዳቦ አበጠ። ወጌሻው ተገኘ መጣና እያሻሸ፣ "አጥንቱ ደኅና ነው፤ ጅማቱ ነው የተቆጣው። በሸምበቆ አስሬ አርባ ቀን ላስተኛት" አለ።

"አርባ ቀን? አራስ ናት እንዴ?" ስለው ተቀየመኝና ሸምበቆውን ይዞ ሄደ። ይኸው እስከ ዛሬ ሰላምታውን በአገጩ ነው የሚሰጠኝ።

መምህር በኃይሉ ደግሞ፣ "ኳስ ተጫዋቾች እግራቸውን በፕላስተር ጠቅልለው ሲሮጡ አይቻለሁ" አለ። ይኼኔ አንተ ትዝ አልኸኝ። አምና "የስፖርት ፕላስተር መመርመሪያ ቤት እሠራለሁ" ብለህ ጽፈህልኝ አልነበር? እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ አልገባኝም። የማኅበራችን ሰዎች ሲጠይቁኝ "ቁስል የሌለበት ሰው ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር ይመረምራል" አልኋቸው። "ቁስል ከሌለ ምን ሊሆን ይለጠፋል?" አሉኝ። እኔ መልስ ሳጣ አይተው ስለማያውቁ ይኸው መሳቂያ ሆኜ ከረምሁ።

ስለዚህ ሁለት ነገር ላክልን፤ ፕላስተሩን፣ ደግሞም ሥራህ ምን እንደሆነ።

በምትገባበት ደጅ ሁሉ አምላክ ቀድሞህ ይግባ።

አያትህ መኳንንት

*

ኬምኒትስ፣ ጀርመን
ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎት አያቴ ለአባባ መኳንንት፤

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎት? እኔ በጣም ደኅና ነኝ። ደብዳቤዎን የተቀበልኩት ሥራ ቦታ ነበር፤ "አራስ ናት እንዴ" ያሉት ላይ ስደርስ ብቻዬን ስቄ ሰዎቹ ዞረው አዩኝ።

አሁን ሥራዬን ልንገርዎት፤ እርስዎ ግን እባክዎ አይሳቁ። ሁለት መንጋጋ ያለው ማሽን አለ። ፕላስተሩን ከላይ በአንዱ፣ ከታች በሌላው መንጋጋ አስነክሰዋለሁ። ማሽኑ ቀስ እያለ ይጎትተዋል። ምን ያህል እንደተሳበ፣ ምን ያህል ጉልበት እንደፈጀ፣ መቼ እንደተቀደደ አያለሁ። ከዚያ ሌላውን አስነክሳለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ እንደ ቆዳ ያለ ነገር ላይ ለጥፌ፣ ላብ በመሰለ ውኃ አርሼ፣ በምን ያህል ጉልበት እንደሚላቀቅ እለካለሁ። ይኼው ነው።

አንድ ወዳጄ ለሠርግ ወደ አዲስ አበባ ስለሚመጣ አምስት ጥቅል ልኬያለሁ፤ እሱ ለመሐል ሜዳ ሚኒባስ ሾፌር ይሰጥልኛል። እርስዎ ሸማኔ ስለሆኑ ቶሎ ይገባዎታል። ነጩ ጥጥ ነው፤ በድሩም በማጉም አይሳብም። እግሯ እንደገና ወደ ጎን እንዳይጠመዘዝ የሚከለክለው እሱ ነው። ቡናማው ድሩ ውስጥ ላስቲክ ስላለበት በርዝመቱ ይሳባል፣ ሲለቁት ይመለሳል፤ በወርዱ ግን አይነቃነቅም።

እብጠቱ ሳይጎድል እንዳትነኩት። ሲጎድል እግሯን ታጥባ በደንብ ታድርቅ፤ ቅባት አይኑርበት። ጣቶቿን ወደ ራሷ ትሳብ። ነጩን ከውስጥ በኩል ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ይጀምሩና በተረከዟ ሥር አሳልፈው በውጭ በኩል ሽቅብ ያውጡት። እንዲህ ሦስት ጊዜ ይደራርቡት። ቡናማውን ከላይ ስምንት ቁጥር እያስመሰሉ ይጠምጥሙት። ጣቶቿ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ ጠብቋል ማለት ነው።

መጥቼ በእጄ ባስርላት ደስ ይለኝ ነበር። ዘንድሮም ግን ፈቃድ የማገኝ አይመስለኝም።

ለአክስቴ ለጠጄና ለይመኙ ሰላምታዬን ይንገሩልኝ። ጸሎትዎ አይለየኝ።

ምንይሉ

*

ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጨርቅ ቀዳጁ ለምንይሉ፤

ሰላምታዬ በረዶውን ሰንጥቆ ይግባልህ። አትቀየመኝ እንጂ ሥራህን ለማኅበርተኞቹ አስረድቼ አሁን መንደሩ ሁሉ የሚጠራህ በዚህ ስም ነው። "ይጎትተዋል፤ ይቀደዳል፤ ከዚያ ሌላ ያመጣል" አልኋቸው። አለቃ ኃይለመስቀል፣ "የኔ ፍየል ይህንኑ ትሠራለች፤ እሷን ግን ጀርመን ድረስ አልላክናትም" አሉ። እኔም እልሃለሁ፣ የሚቀድ ሰው ሰፊ ሚስት ያስፈልገዋል። እስካሁን ምን ትጠብቃለህ?

ፕላስተሩ ደርሶናል። እብጠቱ ጎድሎ ስለነበር እሑድ ከቅዳሴ መልስ አሰርናት። መምህር በኃይሉ እግሯን ያዘ፤ ደብዳቤህን ጠጄ ያዘች፤ እኔ ፕላስተሩን ያዝሁ፤ በኋላ ደግሞ ፕላስተሩ እኔን ያዘኝ። የመጀመሪያው ክንድ የሚያህለው ጢሜ ላይ ቀረ። ሁለተኛው ከጋቢዬ ጋር ተጋባ። ይመኙሻል በሳቅ ፍርስ አለችና፣ "አባባ፣ እኔን ነው ወይስ ራስዎን ነው የሚያስሩት?" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ግን እጄ ለመደ። አርባ ዓመት የሱፍ ባና ስሠራ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ የክር ጠባይ አይጠፋኝም። ነጩን ሳብሁት፤ እንደ ግትር በቅሎ አልነቃነቅ አለ። ቡናማውን ሳብሁት፤ መጣ፤ ስለቀው አውራ ጣቴን መታኝ። ስምንት ቁጥርህንም ሠርቼ ጨረስሁ።

ተነሥታ ቆመች። ተራመደች። ግቢውን ዞረች። "ምንም አይሰማኝም! እንደ ግንብ ይዞኛል" አለችኝና ሮጠች። ጠጄ እልልታዋን አቀለጠችው። ተገኘ በአጥሩ ውጭ ሲያልፍ ቆሞ እግሯን ረጅም ጊዜ አየና በአገጩ ሰላም ብሎኝ ሄደ።

አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። አምስት ጥቅል ለምን ላክህ? ሁለት በቂ ነበር። የተረፈውን አንጥልም ብዬ አንዱን ለቤተ ክርስቲያን ከበሮ ማንገቻ፣ አንዱን ለተሰነጠቀ መቋሚያዬ፣ አንዱን ለጎረቤት ዶማ እጀታ አድርጌዋለሁ። ዶማው አሁን ከባለቤቱ የተሻለ ይሠራል።

መፍቻውን ቀን አልጻፍህልንም። ባሰረው እጅ መፈታቱን መቼም አልረሳኸውም፤ የወጌሻ እስር ሌላ ሰው ከነካው እግሩ ይከዳል። እጁ የኔ ቢሆንም ያሰርኸው አንተ ነህና ቃልህን እንጠብቃለን። እስከዚያ እንዳይርስ በላስቲክ ሸፍና ነው የምትታጠበው።

የእጅህን ሥራ ይባርክልህ፣ መቅደድም ቢሆን።

አያትህ መኳንንት

*

ኬምኒትስ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ መኳንንት፤

ጤናዎ እንደምን አለ? መልስዎ ገና አልደረሰኝም፤ ግን እጄ ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለም። ፕላስተሩ እንደደረሰ ሾፌሩ ለወዳጄ ነግሮታል። ይመኙ ሞከረችው? እንዴት ሆነላት?

እኛ መመርመሪያ ቤት በዚህ ሳምንት የገጠመንን ልንገርዎት። የላክኩላችሁን ዓይነት ፕላስተር የሯጭ እግር በሚመስል ነገር ላይ ለጥፈን ደጋግመን አጣጠፍነው። ሲለጠፍ እንደ ብረት ነው። ገና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ግን አብዛኛው ጉልበቱ ያልቃል። አይቀደድም፣ አይላቀቅም፣ ሲያዩት ልክ እንደ መጀመሪያው ነው፤ ብቻ ሞቷል። ሯጩ ሳይደክም ፕላስተሩ ይደክማል ማለት ነው። አለቃዬ "ታዲያ ለምን እንሸጠዋለን?" ብሎ ጠየቀ።

ስንት ጥቅል ቀራችሁ? ሳያልቅባችሁ ይጻፉልኝ።

ምንይሉ

*

ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምንይሉ፤

የነቢያቱን ጾም በሰላም ያስፈጽምህ፤ እዚያ የሚያስጾምህ ባይኖር እንኳ አስበው። ከጢሜ በቀር ደኅና ነኝ፤ ጢሜ ግን እዚያ ፕላስተሩ የነቀለው ቦታ እስካሁን አልበቀለም።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ ባነበብሁት ቁጥር ጠፋሁ። ፕላስተሩ በግማሽ ሰዓት ሞተ ትላለህ። የትኛው? የኛው ቁርጭምጭሚቷ ላይ አለ። ከታሰረ ጀምሮ አልወረደም። ይመኙሻል እንደውም ድሮ ከምትሮጠው በላይ እየሮጠች ነው፤ መምህር በኃይሉ ሰዓቱን አይቶ "ሰዓቴ ተበላሸ መሰለኝ" አለ። ጠርዙ ሲነሣብኝ በሱፍ ክር ሰፋሁት፤ ስፌቴን ብታይ ያንተ ማሽን ቀድዶ አይጨርሰውም። እና የሞተው ምንድን ነው? ወይስ የጀርመን ፕላስተር እዚያ ይሞታል እዚህ ይነሣል?

አልዋሽህም፤ ይበላታል። ወፍራም ስንደዶ በሥሩ እያስገባች ታከዋለች። ደግሞ ሽታ አለው። ጠጄ "ይህን ነገር ፍቱላት" ማለት ካበዛች ሰነበተች። እኔም ፈርቼ ትናንት ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ተገኘ ዘንድ ሄድሁ። ደጁ ላይ ተቀምጦ ሸምበቆ ይልጋል።

"ተገኘ፣ የልጅቷን እግር ፍታልኝ" አልሁት።

"ማን ነው ያሰረው?"

"እኔ ነኝ።"

"በማን ትእዛዝ?"

"በምንይሉ።"

"እንግዲያ ምንይሉ ይፍታው።"

"እሱማ ጀርመን ነው።"

"ጀርመን ሆኖ ካሰረ ጀርመን ሆኖ ይፍታ" አለና መላጉን ቀጠለ።

እኔ ቀልድ ለመወርወር እንጂ ለመቀበል አልተፈጠርሁም። ጋቢዬን አጣፍቼ ተመለስሁ። ቤት ስደርስ ለይመኙሻል ነገርኋት። ምን አለችኝ መሰለህ? "አባባ፣ የኔን እግር ገመድ አድርገው ምንይሉን ሊጎትቱ ነው እንዴ?" አለችኝ። ይህቺ ልጅ ምላሷም እንደ እግሯ ፈጥኗል። ከማን እንደወረሰችው አላውቅም።

እንግዲህ ወይ ና፤ ወይ ቃልህን ላክ። ፈቃድ አላገኘሁም እንዳትለኝ፤ እሱን አምናም ካቻምናም ሰምቼዋለሁ።

ቸር ያሰማን።

አያትህ መኳንንት

*

ኬምኒትስ
ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፤

ሰላምታውን ዛሬ ይማሩኝ፤ የኅዳር 12ና የኅዳር 30 ደብዳቤዎችዎ ባንድ ቀን ደረሱኝ።

ይፍቱት። አሁኑኑ ይፍቱት። አቶ ተገኘ እንዳሉት ከዚህ ሆኜ ፈትቼዋለሁ፤ ቃሌ ይኼው።

ይህ ፕላስተር ለአንድ ሩጫ ነው፤ ከዚያ ይጣላል። አምስት ጥቅል የላኩት ለዚህ ነበር። እንዴት እንደሚታሰር ጽፌ እንዴት እንደሚወርድ ሳልጽፍ ቀረሁ። እዚህ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ልጻፈው የሚል ሐሳብ እንኳ አልመጣልኝም። የወጌሻን እስር እዚያው ያደግኩት እኔ ረሳሁት። እንዴት ረሳሁት?

ስፌቱን በመቀስ ይቁረጡ። ጫፉን በዘይት ያርሱትና በቀስታ፣ ቆዳዋን በአንድ እጅዎ ይዘው፣ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ይላጡት። እንደ በግ ቆዳ እንዳይገፉት። ቁስል ካለ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ እጠቡት፣ አየር ይንካው፤ መግል ካለው ጤና ጣቢያ ውሰዷት። እስኪደርቅ ድረስ ጫማ አታድርግ።

አንድ ነገር ደግሞ ማወቅ አለባችሁ። ፕላስተሩ የሚይዘው ቆዳን ነው እንጂ አጥንትን አይደለም፤ ቆዳም ይንሸራተታል። ከመጀመሪያው ቀን፣ ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በኋላ ያ ነገር ይመኙን አልያዛትም። ይኼን ሁሉ ጊዜ የሮጠችው ያለ ምንም ድጋፍ ነው። እንዴት እንደገና እንዳልተጠመዘዘች አላውቅም።

ስልኩ አሁንም አይገባልኝም፤ በሞቴ ቶሎ ይጻፉልኝ።

ምንይሉ

*

ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምንይሉ፤

የልደቱን ብርሃን በደስታ ያሳይህ። እኛ እያየነው ያለነው በመደናገር ነው።

ወረቀትህ ትናንት ደረሰ። ሚኒባሱ ሲቆም ይመኙሻል ራሷ ሮጣ አመጣችው፤ እዚያች ሽሮ ቀለም ያላት ፕላስተር ላይ ቆማ "ያንብቡልኛ!" አለችኝ። መጀመሪያ ለራሴ አየሁት። የቱን መስመር አንብቤ የቱን እንደምዘል ግራ ገባኝ። መዝለል ስሞክር ድምፄ ያሳብቅብኛል፤ ይህቺ ልጅ የኔን ድምፅ ታውቀዋለች። ሁሉንም አነበብሁላት።

ስጨርስ እግሯን ዘርግታ አየችው። ከዚያ፣ "እና ይህን ሁሉ ጊዜ ማን ነው የያዘኝ?" አለች።

"መጀመሪያ መቀሱን አምጪልኝ" አልኋት።

ፈታነው። ስፌቴን ስቆርጥ አዘንሁ፤ ጥሩ ስፌት ነበር። በኑግ ዘይት እያራስን ቀስ እያልን ላጥነው። ሽታውን አልነግርህም፤ የጠጄ ድመት ከቤት ወጥታ እስካሁን አልተመለሰችም። ቆዳዋ እንደተዘፈዘፈ ባቄላ ነጥቶ ተሸብሽቧል። ተረከዟ ላይ የብር ሳንቲም የምታህል ቁስል አለች። መግል የላትም፤ እንዳልኸው አጥበናታል።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ተነሽ አልናት። ተነሣችና አነከሰች! ፕላስተሩ ሳለ እንደ ድኩላ የምትዘል ልጅ፣ ሲወርድላት አነከሰች። "ያማል?" "አያምም።" "ታዲያ?" "እንጃ።"

ዛሬ ጠዋት ተገኘ "እግረ መንገዴን ነው" እያለ ገባ። የሱ መንገድ በኛ ደጅ እንደማያልፍ እሱም ያውቃል እኔም አውቃለሁ። ቁጭ ብሎ በአውራ ጣቱ ይጫናት ጀመር።

"እዚህ ያምሻል?"

"አያመኝም።"

"እዚህስ?"

"አያመኝም።"

"እንደኔ እንደኔ ድነሻል። ታዲያ ምን ሆነሽ ታነክሻለሽ?"

"ጋሼ ተገኘ፣ ምንም የያዘኝ ነገር የለማ!" አለችው።

ተገኘ ወደኔ አየ። እኔም ወደ ተገኘ አየሁ። ከተጣላን ወዲህ በአንድ ነገር ስንስማማ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ የተስማማነውም ሁለታችንም እንዳልገባን ነው።

ምርጫው ከጥምቀት በኋላ ነው። አሁን የምጠይቅህን መልስልኝ። ትሩጥ ወይስ ትቅር? ማሽኑ ተሳስቷል ብዬ ልንገራትና እንደገና ልሰራት? በሕይወቴ ዋሽቼ አላውቅም አልልህም፤ ይኼኛው ግን ከበደኝ። እግሯን አድነን ልጅቷን ያጣናት መሰለኝ።

አያትህ መኳንንት

*

ኬምኒትስ
ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎት አያቴ፤

መልካም የጥምቀት በዓል ይሁንልዎት። ቁስሏ ትንሽ መሆኗን ሳነብ ወንበሬ ላይ ተለቅቄ ተቀመጥኩ።

የይመኙን ጥያቄ ሥራ ቦታ አቀረብኩት። አንዷ ባልደረባዬ "ፕላስተሩ እግርን አይይዝም፤ እግር የት እንዳለ ለጭንቅላት ይነግራል፤ ቆዳ ሲሳብ ጡንቻው ይጠነቀቃል" አለች። ሌላው "የለም፣ ፍርሃትን ነው የሚይዘው" አለ። ሦስተኛው "ያኔውኑ ድና ነበር፤ ፕላስተሩ ምንም አላደረገም" አለ። ምሳ ሰዓታችን አልቆ እየተጨቃጨቁ ተለያዩ። እኔ የማውቀው ፕላስተሩ እስከሚቀደድ ድረስ ያለውን ብቻ ነው። ማሽኑ አልተሳሳተም። ይመኙም "ይዞኛል" ስትል አልዋሸችም። ሁለቱ እንዴት እንደሚታረቁ አላውቅም አባባ።

ግን አይዋሿት። እንደገናም አይሰሯት። ቁስሏ ሲደርቅ በአንድ እግሯ እየቆመች ትለማመድ፤ ዓይኗን ጨፍናም ትሞክረው። ሕመም ከሌላት ትሩጥ። ካለባት ትቅር።

ለፋሲካ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ገና መልስ አልሰጡኝም።

ምንይሉ

*

ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለምንይሉ፤

ጥምቀቱን በሰላም ያሳለፈን አምላክ የቀረውንም በደኅና ያሳልፈን። ስለ ፈቃዱ ያልኸውን አንብቤአለሁ፤ ምንም አልልም፤ ጠጄ ግን አንዱን ሙክት ለብቻው ማሰር ጀምራለች።

ደብዳቤህ የደረሰን ከምርጫው ስንመለስ ነው። ስለዚህ ያለ ምክርህ ነው የወሰንነው፤ እኔ እንኳ አልወሰንሁም። ቁስሏ ከደረቀ በኋላ አንድ ጠዋት ጫማዋን አሰረችና "ጓሳ ልሂድ" አለች። "ማን ይያዝሽ?" ልላት አፌ ላይ ደርሶ ዋጥሁት። እያነከሰች ወጣች፤ ስትመለስ ግን ማነከሱን ከላይ ጥላው መጣች። አንዳንድ ቀን ደግሞ ይመለስባት ነበር። እንዲህ ግራ እያጋባችን ጥምቀት ደረሰ።

ደብረ ብርሃን እኔም አብሬ ሄድሁ። መምህር በኃይሉ ሚኒባስ ውስጥ የራሱን ጥፍር በልቶ ጨርሶ የኔን ሊለምነኝ ምንም አልቀረው። ሜዳው ላይ ሌሎቹን ልጆች አየኋቸው፤ እግራቸው ፕላስተር ብቻ ነው፤ ነጭ፣ ቡናማ፣ ሰማያዊም አለ። ይመኙሻል ቁርጭምጭሚቷ ባዶ ነው። አንዷ ልጅ "አንቺ አትታሰሪም?" አለቻት። "ጊዜው አልፎብኛል" አለቻት የኛዋ። ሳቅሁ።

እኔ ቁጭ ብዬ ከወደቀች የምናገረውን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። ጥፋቱን በየሰዉ አደላድዬዋለሁ፤ ላንተ፣ ለተገኘ፣ ለፍልፈሉ፣ ለራሴም ትንሽ አስቀርቻለሁ። አልወደቀችም። አላነከሰችም። ጥሩ ሮጠች። ስድስተኛ ወጣች። የወሰዱት የመጀመሪያዎቹን አራት ነው።

ውኃ ይዤላት ሄድሁ። "እግርሽ ነው አይደል የኔ ልጅ?" አልኋት።

"እግሬማ ደኅና ነበር አባባ" አለች እያለከለከች። "ሌሎቹ ፈጠኑ።"

"ፍርሃቱስ?"

"መጀመሪያ ፈራሁ። ከዚያ አንዷ ቀደመችኝ፤ ተናደድሁ፤ መፍራቴን ረሳሁት።"

ይኼው ነው ያለችኝ። አላለቀሰችም። ያዘጋጀሁት ነገር ሁሉ እጄ ላይ ቀረ። በመንገድ ላይ ዳቦ በላችና ትከሻዬ ላይ ተኛች። እኔ ማዘን እንዳለብኝ ወይ መደሰት እንዳለብኝ ሳላውቅ መሐል ሜዳ ደረስን፤ አሁንም አላወቅሁም። መምህር በኃይሉ ዕድሜ የማይጠይቁ ክለቦች አሉ እያለ ነው። ተገኘ ደግሞ "አርባ ቀን ብታስተኛት ኖሮ" አለኝ።

"አንደኛ ትወጣ ነበር?" አልሁት።

"አትወጣም፤ እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር" አለ። ታረቅን።

ምክርህን ነግሬአት በአንድ እግሯ መቆም ጀምራለች። እኔም ሞከርሁት፤ አትሞክረው።

ይህን የምጽፍልህ ደጅ ተቀምጬ ነው። እሷ ከታች በሞላሌ መንገድ እየሮጠች ነው፤ "ለማን ትሮጫለሽ አሁን?" ብላት "መቆም አቃተኝ" ብላኝ ነው የወረደች። ፕላስተር አትላክ። ከወዲያ ስትመለስ የታመመው እግሯ የቱ እንደነበር ለመለየት ዓይኔን አጥብቤ አየኋት፤ አልለየሁትም። ደብዳቤዬን አስቀምጠኸው እንደሆነ እስኪ እየው፤ ቀኝ ነበር ግራ?

አያትህ መኳንንት